ሲቪል ወይስ ኤሌክትሪካል?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎችን የሚያከራክረው ምርጫ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከስታዲየም ወደ ልደታ በሚያልፍበት ድልድይ ሥር ቆመው ሲያዩት ግልጽ ይሆናል። መሠረቱና ዓምዱ የሲቪል፣ ከላይ የተዘረጋው ሽቦና የኃይል ማከፋፈያው የኤሌክትሪካል ነው።

ሲቪል የመረጠ ከአፈር ሜካኒክስ (አፈር ጭነት ሲያርፍበት የሚያሳየው ባሕርይ)፣ ከሃይድሮሊክስ (የውኃ ፍሰት ጥናት) እና ከቅየሳ ጋር ይውላል። እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ብቻውን የሥራ ዘመን ይፈጃል! ፀሐይ፣ አቧራና ከግንበኛ ጋር ጭቅጭቅም አለ፤ ይህን የሚጠላ ባይገባበት ይሻለዋል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲንር ደግሞ ሥራው ይቀዘቅዛል።

ኤሌክትሪካል ሒሳቡ ይከብዳል። ስንጥቅ በዓይን ይታያል፤ የኤሌክትሮማግኔት መስክ ግን በእኩልታ እንጂ በዓይን አይታይም። በምላሹ በሩ ብዙ ነው፦ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ቴሌኮም፣ የማሽኖች አውቶማቲክ ቁጥጥር፣ ኮምፒውተር። እኔ ለሚያመነታ ተማሪ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ለደመወዝ ሲባል ብቻ መምረጥ ግን አይዋጥልኝም። የፊዚክስ ደብተርዎን ይግለጡ፦ በፈቃድዎ የሠሩት የኃይሎችን ሚዛን ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ዑደት ጥያቄዎችን?