ወንድሜን ለሥራ ያበቃው በድጋፍ የታገዘ የቅጥር አገልግሎት፦ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ታናሽ ወንድሜ በድጋፍ የታገዘ የቅጥር አገልግሎት ማግኘት ከጀመረ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ተመሳሳይ አገልግሎት ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ፣ ያየሁትን በጎ ነገርም ሆነ ያስከፋኝን ጉድለት የድርጅቱን ስም ሳልጠቅስ አቀርባለሁ።

ወንድሜ ከዚህ በፊት ስድስት ዓመት ያህል በአንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ፖስታ ሲያጥፍና ሲለይ ኖሯል። ሁልጊዜ «ለሥራ እየተዘጋጀ ነው» ይባል ነበር፤ የዝግጅቱ ማብቂያ ግን አንድም ቀን አልመጣም። በድጋፍ የታገዘ ቅጥር ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፦ ሰውየው አስቀድሞ እውነተኛ ደመወዝ በሚከፈልበት መደበኛ ሥራ ላይ ይቀጠራል፣ ሥልጠናውንም እዚያው ሥራው ላይ ያገኛል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የመልሶ ማቋቋም ሕግ ማሻሻያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 27 አካል ጉዳተኞች ክፍትና አካታች በሆነ የሥራ ገበያ ውስጥ ሠርተው የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

አገልግሎቱን ያስወደደኝ የሥራ ላይ አሠልጣኟ ናት። ወንድሜ በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ፎጣ እንዲያጥፍ በተቀጠረ ጊዜ፣ እርሷ ቀድማ ሁለት ቀን ሙሉ ከሠራተኞቹ ጋር ቆማ ፎጣ ስታጥፍ ውላ ነበር። ሥራውን በእጇ ከለመደችው በኋላ በአሥራ አራት ጥቃቅን እርምጃዎች ከፋፍላ ጻፈችው። ወንድሜ ሰባተኛው ላይ፣ ማለትም ፎጣውን ለሦስተኛ ጊዜ ከማጠፉ በፊት ጠርዞቹን ማስተካከል ላይ፣ ደጋግሞ ይቸገር ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ እጁን ይዤ አስተካክልለት ነበር። እርሷ ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ፕላስተር በቀጥታ መስመር ለጠፈችና «እኔ አልነግርህም፤ መስመሩን ተመልከት» አለችው። ከዚያም ዝም ብላ ጠበቀች። ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ በመጨረሻ የፎጣውን ጠርዝ መስመሩ ላይ አሳረፈው። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቡ ትቆም ነበር፣ በሦስተኛው በር አካባቢ፣ በስድስተኛው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትመጣ ነበር። እርሷ በራቀች መጠን የሥራ ባልደረቦቹ የእረፍት ሰዓት ሲደርስ እየጠሩት አብረው መውጣት ጀመሩ፤ የሙያው ትልቁ ጥበብ ይህ በልክ መራቅ ይመስለኛል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከስድስተኛው ወር በኋላ ነው። የድጋፉ ጊዜ አብቅቷል ተብሎ ክትትሉ በአንድ ቀን ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ አዲስ ማሽን ሲያስገባ የማጠፊያው ጠረጴዛ ተለወጠ፣ ቀይ መስመሩም አብሮ ጠፋ። ወንድሜ ፎጣውን ይዞ ቆመ። የክፍሉ ኃላፊ ማንን መጥራት እንዳለበት ስላልተነገረው ወደ እኛ ቤት ደወለ፤ ከአገልግሎቱ ሰው እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ሥራውን ለማጣት ተቃርቦ ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ይከፋኛል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተቀረጸውና «አይ ፒ ኤስ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው የዚሁ አሠራር ዘርፍ፣ ክትትሉ በጊዜ ገደብ እንዳይታጠርና አንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ከ20 ሰው በላይ እንዳይዝ ይጠይቃል። የወንድሜ ችግር ሌላ ቢሆንም ምክንያቱ ለእርሱም ይሠራል፤ ሥራ ራሱ ይለዋወጣልና።

በምዝገባው ቀን ጥያቄው ሁሉ ለእኔ መቅረቡም ቅር አሰኝቶኛል። ወንድሜ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ምን መሥራት እንደሚወድ መጠየቅ የነበረበት እርሱ ነበር።

እነዚህን ጉድለቶች ይዤም አገልግሎቱን ለሌሎች እመክራለሁ። ሆኖም ከመመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኙ ሥራውን አስቀድሞ ራሱ ሠርቶ ያየው እንደሆነ፣ የአሠልጣኙ ክትትል ካበቃ በኋላም አሠሪው የሚደውልለት ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቅሬታዬን ካቀረብኩ በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ ቀጥታ የስልክ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ አሠልጣኟም በየወሩ አንድ ጊዜ ትጎበኘዋለች። አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቀይ ፕላስተር ሲያረጅ አንሥቶ ሌላ የሚለጥፈው አሁን ወንድሜ ራሱ ነው።