ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ያለችው ኮምፒውተር ቤት፣ የኤክሴል ቀን ላስቸገራችሁ

የግንባታ እቃ መሸጫ ውስጥ ሂሳብ ነው የምሰራው፣ ከሽያጭ ሲስተማችን የሚወጣው ፋይል ላይ ቀኑ ቀን/ወር/ዓመት ሆኖ ይመጣል ግን ቀን አይደለም ጽሁፍ ነው፣ ሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ተለጥፎ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ ስራውን በራሱ የሚሰራ ትንሽ ኮድ) አሰራሁና ልጁ ሁሉንም በሲዴት፣ ጽሁፍን ወደ ቀን በሚቀይረው CDate በሚባለው ትዕዛዝ፣ ቀየረልኝ። የኔ ኮምፒውተር ሪጅኑ (የአገር ሴቲንጉ) የአሜሪካ ነው፣ ወሩን ያስቀድማል፣ እና 05/04/2024 ኤፕሪል 5 መሆን ሲገባው ሜይ 4 ሆነ፣ 13/04/2024 ግን ፈረንጆቹ 13ኛ ወር ስለሌላቸው ራሱ ገልብጦ አስተካከለው። እዩት እንግዲህ፣ የወሩ መጀመሪያ 12 ቀን ተበላሽቶ ሌላው ደህና ነው፣ ኤረር የሚል ነገር የለም! ሁለት ወር ከባንክ ጋር አልታረቅ ብሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እዚህ ያለው ወንድማችን ግን ኮድ ከመንካቱ በፊት "ይሄ ቀን የፈረንጅ ነው የኛ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እዛው ነው ልቤ ያረፈው። ምክንያቱም መጋዘን የሚሞላልን ልጅ በኛ ነው የሚጽፈው፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2015ን 03/13/2015 ብሎ ሲያስገባ የኔ ኤክሴል ማርች 13 አድርጎት ቁጭ፣ ጥቅምት 30 ደግሞ 30/02 ስለሚሆን ጽሁፍ ሆኖ ይቀራል። የኛን አቆጣጠር ለብቻው ኮለምን አደረገው። የፈረንጁን በጭረቷ ሶስት ቦታ ቆርጦ ዓመቱን ወሩን ቀኑን ለየብቻ ለዴትሲሪያል (DateSerial፣ ከሶስቱ ቁጥር ቀን ለሚሰራው ትዕዛዝ) ሰጠው፣ እንዲህ ሲሆን የኮምፒውተሩ ሪጅን ምንም ይሁን አይሳሳትም፣ እሱም ቢሆን 30/02ን ዝም ብሎ ወደ ማርች ስለሚያሻግረው ማክሮው ከጽሁፉ ጋር መልሶ አመሳክሮ ያልገጠመውን ሴል ቢጫ ይቀባል። ከቁጥሩ ኋላ የተደበቀች ስፔስም አገኘ፣ ትርፍ ስፔስ የሚያጠፋው ትሪም (TRIM) የማያጠፋት፣ የፊደል ኮዷ 160 የሆነችው፣ እሷንም አስወገደልኝ።

መጨረሻ ላይ የአንድ ሴል ፎርማት ጀነራል (ተራ ቁጥር) አድርጎ 45387 የሚል ቁጥር አሳየኝ፣ ኤፕሪል 5 2024 ማለት ነው፣ ኤክሴል ጃንዋሪ 1 1900ን 1 ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ቅር ያለኝ ቤቷ ጠባብ ናት፣ ከሰዓት ፎቶኮፒ የሚያስነሳ ሰው ይሞላል፣ ጠዋት ሂዱ። ፋይሉን ደግሞ ሲስተሙ ያወጣውን ኦርጅናሉን በፍላሽ ያዙ፣ ቀኑን እንደኔ በሲዴት ቀይራችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት የተገለበጠው ካልተገለበጠው አይለይም።