ኮምቦልቻ ላይ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ለምትፈልጉ

የቦርከናን ውሃ በሞተር እየሳባችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ የሐርቡና የኮምቦልቻ ዙሪያ ልጆች፣ ይቺን አንብቧት።

ፓምፓችን ባለ 2 ኢንች ነው። ከማሳ ማሳ ስለምናዞረው ጎማው በየጊዜው ይፈታል፣ ይታሰራል። መግጠሚያው ግን አሳሩን አበላን። ትንሽ ይዞርና ቀጥ ይላል። በመፍቻ ስንታገለው ጥርሱ ይበላል፣ ቴፍሎን ብንጠመጥምም ያንጠባጥባል። የሸጠልን ሰው «ዕቃው ደህና ነው፣ አጠባበቅ አትችሉም» ብሎ ያንኑ ዓይነት ደገመን።

ብረት በማሽን የሚቀርጹት የቶርኖ ባለሙያው ጋሼ (ስማቸውን ፌስቡክ ላይ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛል) የተበላውን ለማደስ አልተጣደፉም። የጥርስ መለኪያቸውን አውጥተው ሁለቱንም ለኩ። የፓምፑ በአንድ ኢንች 11 ጥርስ ነው፣ ማዕዘኑም 55 ዲግሪ፤ የእንግሊዝ ስታንዳርድ። የገዛነው ደግሞ 11 ተኩል ከ60 ዲግሪ ጋር፤ የአሜሪካ። ሁለቱም «2 ኢንች» ተብለው ይሸጣሉ፣ በዓይን አይለዩም። ሲጀመር እሺ ይልና መሃል ላይ የሚነክሰው ለካ በዚህ ነው። አጠባበቅ አትችሉም ያለን ሰውዬ ይስማ!

አዲስ ቀረጹልን። በጣም የወደድኩት የጥርሱን አጀማመር ነው። ጥርስ ሲወጣ መነሻው ላይ እንደ ምላጭ የሳሳ ጫፍ ይቀራል። ቶሎ የሚጎብጠው፣ ተንጋዶም የሚገባው እሱ ነው። ጋሼ ያንን ከወንዴውም (ከሚገባው) ከሴቴውም (ከሚቀበለው) ቆርጠው ጥርሱ በሙሉ ውፍረቱ እንዲጀምር አደረጉት። እሳት አደጋዎች ውሃ በሚረጩበት ጎማ ላይ የሚሠራበት ዘዴ ነው። የሴቴውን አፍ ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርገው ጥርስ ሳያወጡበት ተዉት፤ ወንዴው ቀድሞ እዚያ ገብቶ ይቃናል። የጥርሱን መነሻም ውጪው ላይ በጭረት ምልክት አደረጉበት። ጭረት ከጭረት ስታገጣጥም ወዲያው ይይዛል። ውሃውን የሚያግደው ውስጥ ያለው ጎሚኒ ስለሆነ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። አሁን ታናሽ ወንድሜ ማታ፣ በጭቃ እጁ፣ ያለ መፍቻ ይገጥመዋል።

አልዋሽም፣ ወረፋ አላቸው፣ ስልክም አያነሱም። ዋጋቸውም ከሱቅ ዕቃ ይወደዳል። ለእኔ ግን አዋጥቶኛል። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የምትሄዱ ሰዎች፣ የፓምፑን መውጫ ፈትታችሁ ከመግጠሚያው ጋር አብራችሁ ውሰዱ። አንዱን ብቻ ይዞ የመጣ «አብሽር፣ ሌላኛውን አምጣና እናየዋለን» ተብሎ ይመለሳል። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በኢንቦክስ እልካለሁ።