ከንጣፉ ሥር ላለው ሥራ ምስጋና

የጓሯችንን ንጣፍ አንድ ግንበኛ እንደገና ሠርቶልን ያለቀው ሚያዝያ ላይ ነው። ክረምቱን ሳላይ አላመሰግንም ብዬ ነው እስከ ጥቅምት የቆየሁት። ሐምሌም ነሐሴም ዘነበበት፤ አንድም ታይልስ ንቅንቅ አላለም።

ቤታችን ቦሌ ቡልቡላ ነው። ሰፈሩን የምታውቁ ጥቁር አፈሩን ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ከጓሮ በራችን ፊት ያለችው 20 ካሬ እማዬ ቡና የምታፈላባት ቦታ ናት። መጀመሪያ የሠራው ሰው 40 በ40 የሲሚንቶ ታይልሱን አፈሩ ላይ ትንሽ አሸዋ በትኖ ነበር የደረደረው። በሁለተኛው ክረምት አንዱ ጎደጎደ፣ ሌላው ጎበጠ፣ ሲረገጥም ጭቃ ውሃ ይረጭ ጀመር። እማዬ ረከቦት ይዛ ስትወጣ ተደናቅፋ ወደቀች፤ ጉልበቷን ለወራት አሟታል።

ዋጋ የጠየቅኳቸው ሁለት ሰዎች አዲስ ታይልስ ከላይ እንደርብበት አሉኝ። ይህ የማመሰግነው ግንበኛ ግን አራት ታይልስ አንስቶ በዶማ ቆፈረና አፈሩን በእጁ ጨብጦ አሳየኝ። «ታይልሱ ደህና ነው፣ ችግሩ ከሥሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ የአሸንዳውን ቱቦ አየ። የጣሪያው ውሃ በሙሉ ንጣፉ ጠርዝ ላይ ይፈስ ነበር! ስንት ዓመት እያየሁት ልብ ያላልኩት ነገር ነው። መጀመሪያ የሠራው እሱን ነው፤ ቱቦውን አስረዝሞ ውሃውን ወደ ቦዩ መለሰው።

ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ጥቁሩን አፈር አስወጣ። ገረጋንቲ (ጠጠርማ የሙሌት አፈር) በሁለት ዙር አስገባ፤ እያንዳንዱን 15 ሳንቲ ውሃ እያጠጣ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) ጠቀጠቀው። ለምን አንዴ ሞልተህ አትጠቀጥቀውም ስለው፣ ማሽኑ ላዩን ብቻ ያጠነክረዋል፣ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ቸኩዬ ነበር፤ እሱ ግን እርጥቡ ላይ አላነጥፍም ብሎ ሁለት ቀን ጠበቀ። በስፓጎ (በልክ መያዣ ሲባጎ) እና በውሃ ልክ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ቦዩ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ተኩል ዝቅ እያደረገ ልኩን ያዘ። ታይልሱንም ከሥሩ ባዶ ቦታ ሳይተው ሙሉ ሞርታር (የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ) ላይ አስተኛው። የድሮውኑ ነው አጥቦ የመለሰው፤ የተሰበሩት 7 ብቻ ተቀየሩ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን አንድ ነገር አለ። እኔ መሥሪያ ቤቴ በዋልኩባቸው ቀናት እያንዳንዱን የገረጋንቲ ዙር ከመሸፈኑ በፊት ሜትሩን ጉድጓዱ ውስጥ አቁሞ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። አፈር ከለበሰ በኋላ ማን ያየዋል? 15 ሳንቲውን 5 ቢያደርገው አላውቅም ነበር። እማዬ እስከ ዛሬ ቡና ስታፈላ ትመርቀዋለች።

ግቢያችሁን ለማስነጠፍ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ። መሬቱ ደርቆ ለቁፋሮ የሚመቸው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ቀድማችሁ ያዙት።