የጥቁር አዝሙድ ዘይቱን ላብራቶሪ ውስጥ ሞከርኩት

ባህር ዳር ገበያው አካባቢ ጥቁር አዝሙድ እፊትህ ጨምቆ የሚሸጥ ቤት አለ፣ ስሙን ልተወው። ዘይቱ እንደ ዘይት ምርጥ ነው፣ ፍሬውን ማሽኑ ላይ ሲያፈሱት አይተህ ነው የምትወስደው፣ ሽታውም ገና ክዳኑን ስትከፍት አፍንጫ ይሰነፍጣል። ችግሩ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፣ «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ይገላል» ይላል። ባለቤቷን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ይሄ የማይጠርገው የለም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ እስቲ ልየው ብዬ ገዛሁ።

ዘይቱን እንዳለ አጋር (ባክቴሪያ የምናሳድግበት ጄል) ላይ ብታደርገው ብዙም አታይም፣ አጋር አብዛኛው ውሃ ነው ዘይት አይሰርግበትም፣ ይሄን ረስተው «አይሠራም» የሚሉ አሉ። ስለዚህ ትንሽ ትዊን 80 (ዘይትን ከውሃ የሚያዋህድ ነገር) ቀላቀልኩበትና አጋሩ ላይ በበሳሁት ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት፣ ትዊኑን ብቻውን ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ አደረግኩ፣ ገዳዩ እሱ እንዳይሆን። 35 ዲግሪ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋመው ስታፍ ባክቴሪያ (ኤቲሲሲ 43300 የሚባለው የላብራቶሪ መፈተሻ ዘር) ላይ ሳይ በዘይቱ ጉድጓድ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ወጥቷል፣ ትዊኑ ጋ ምንም የለም፣ ሴፎክሲቲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ዲስክ (ትንሽ ክብ ወረቀት) ጋ ክቡ 22 ሚሊሜትር አልሞላም፣ መቋቋሙን የምናውቀውም በዚሁ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ላይ ግን ዘይቱ ዜሮ፣ እሱ የውጭ ሽፋን ስላለው እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አያስገባም።

እና ሴትየዋ እውነታቸውን ነው እንዴ? ኧረ ቀስ። ፕሌት (አጋሩ ያለበት ሳህን) ላይ እኮ በረኪናም ይገላል። ክቡ ሰፋ ጠበበ ማለት ዘይቱ ምን ያህል ተሰራጨ ማለትም ነው፣ ጥንካሬውን ለማወቅ በትንሹ ስንት መጠን ባክቴሪያውን እንደሚያቆም ተለክቶ፣ የሰውን ሴል እንደማይጎዳ ታይቶ፣ ደም ውስጥ በዚያ መጠን መድረሱ ተረጋግጦ ነው ገና ስለ መድኃኒት የሚወራው። እኔ ወረፋ ላይ እያለሁ የስኳር ቁስል ያለባቸው አባት ለእግራቸው ሲገዙ አይቻለሁ፣ ያ ነው ያናደደኝ፣ እሳቸው የሚያስፈልጋቸው የቁስል ካልቸር ነው፣ ማለትም ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ መታየቱ።

ሌላው፣ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ሞልተው መስኮት ላይ ፀሐይ ያስመቱታል። ዘይቱ ውስጥ ያለው፣ ገዳዩ ነው የሚባለው ታይሞኪኖን ደግሞ ብርሃን አይወድም፣ በባህር ዳር ፀሐይ ምን እንደሚተርፍ እንጃ።

ለዘይቱ 4 ኮከብ፣ ለወረቀቱ 1። ለምግብና ለፀጉር ከሆነ ግዙ፣ የተደረደረውን ሳይሆን አሁን የተጨመቀውን በሉ፣ ጥቁር ጠርሙስም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ እነሱ ጋ የለም።