ቦስ ቲዩ-3 ቱነር ቤት ውስጥ ለተሠራ ፈዝ፦ ቦታው ከኋላ ነው

ቦስ ቲዩ-3 የተባለውን በእግር የሚረገጥ ቱነር (መቃኛ) አብዛኛው ሰው የሚገዛው ጊታር ለመቃኘት ነው፤ ለዚያ ሥራ እንከን አይወጣለትም። መብራቱ ደማቅ ነው፣ አካሉ ብረት ነው፣ መርገጫው ብዙ ይችላል። እዚህ የምንገመግመው ግን ሌላውን ሥራውን ነው። ውስጡ ባፈር አለ፤ ይህም የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ አጠንክሮ ወደ ቀጣዩ መሣሪያ የሚያሳልፍ ሰርኪዩት ነው። ቱነሩ ሲጠፋ ባፈሩ አይጠፋም፤ ድምፁ ሁልጊዜ በባፈሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የመግቢያ ኢምፒዳንሱ (ለድምፅ ሞገዱ ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) 1 ሜጋ ኦም፣ የመውጫው 1 ኪሎ ኦም ነው። ፈዝ ፌስ የተባለውን ድምፅ አሻካሪ (ፈዝ) ፔዳል በራሱ እጅ በይዶ ለሠራ ሰው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከቱነሩ ትክክለኛነት ይበልጣሉ።

ፈዝ ፌስን አርቢተር የተባለው የለንደን ድርጅት በ1966 ነው ያወጣው። ሰርኪዩቱ ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ፖት (የሚዞር ሬዚስተር) ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ የሚመች ነው። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። ከጃኩ የመጣው ድምፅ በ2.2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አልፎ በቀጥታ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ቤዝ (መግቢያ እግሩ) ላይ ያርፋል፤ መሐል ላይ ምንም ሬዚስተር የለም። ከሁለተኛው ትራንዚስተር ኤሚተር ደግሞ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደዚያው ቤዝ ይመለሳል። በዚህ አሠራር የመግቢያ ኢምፒዳንሱ ጥቂት ኪሎ ኦም ብቻ ይሆናል፤ ጌይኑንም (የማጉላት መጠኑን) የሚወስነው ከፊቱ ያለው ነገር ኢምፒዳንስ ነው። ማለትም ፒክአፑ (የገመዱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የጊታሩ ጥቅል ሽቦ) ራሱ የሰርኪዩቱ አንድ ክፍል ነው።

በቁጥር እንየው። 2.5 ሄንሪ ገደማ ያለው ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ በ200 ኸርዝ ላይ ከኢንደክታንሱ (ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ሞገዱን ይበልጥ ከሚያግደው የጥቅሉ ባሕርይ) የሚመጣው ተቃውሞ 3 ኪሎ ኦም ያህል ብቻ ነው፤ በ5 ኪሎ ኸርዝ ግን ወደ 78 ኪሎ ኦም ይደርሳል። ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ ፈዙ ውስጥ ሳይገባ ይለዝባል፤ የፈዝ ፌስ ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቲዩ-3ን ከፊት ስናስገባው ፈዙ የሚያየው 1 ኪሎ ኦም ብቻ ነው፣ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ። ጌይኑ ይንራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ሳይቀነስ ይገባል፣ ውጤቱም ጆሮ የሚቧጥጥ ጩኸት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የጊታሩ ቮልዩም መሞቱ ነው። ፈዙ በቀጥታ ከጊታሩ ጋር ሲገናኝ ቮልዩሙን ከ10 ወደ 7 ዝቅ ማድረግ ድምፁን ከመቀነስ አልፎ ያጠራዋል፤ የፖቱ ሬዚስታንስ በሰልፍ (በተከታታይ) ስለሚገባ ጌይኑ ራሱ ይወርዳል። ለብዙዎቻችን ፈዝ ፌስ የሚሠራው ለዚህች ጥራት ሲባል ነው። ባፈሩ መሐል ሲገባ ፖቱ ከፈዙ ይቆረጣል፤ ቮልዩሙን ብንቀንሰውም ድምፁ እዚያው ሻካራ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሰልፉ ጊታር፣ ፈዝ፣ ከዚያ ቲዩ-3 ይሁን። እዚህ ቦታ ላይ ባፈሩ እውነተኛ ጥቅም አለው። ፈዙ መውጫ ላይ ያለው 500 ኪሎ ኦም ቮልዩም መሐል ላይ ሲቆም የመውጫ ኢምፒዳንሱ ወደ 125 ኪሎ ኦም ይጠጋል። ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ስለሚይዝ፣ 6 ሜትር ኬብል ተከትሎት ከመጣ ከ2.1 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ መውደቅ ይጀምራል። በአጭር ኬብል ወደ ቲዩ-3 ካስገባነው ይህ ኪሳራ አይደርስም። አንድ ጥንቃቄ፦ ስንቃኝ ፈዙ መጥፋት አለበት፤ የተበላሸ ሞገድ ሲገባ መብራቱ ይዋልላል። ፈዙ ላይ ባለ 9 እግር መርገጫ ተገጥሞ ሲጠፋ ሰርኪዩቱ ሙሉ በሙሉ ከመንገዱ የሚወጣ ከሆነ ጊታሩ በቀጥታ ቱነሩ ላይ ይደርሳል።

ቱነሩ የግድ ከፊት መሆን ካለበት ፈዙ መግቢያ ላይ 50 ኪሎ ኦም ፖት በሰልፍ በይዱና ከ10 እስከ 30 ኪሎ ኦም መሐል በጆሮ ፈልጉ። ጌይኑ ይረግባል፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን እንደ ፒክአፑ አይለዝብም፤ ያ ኢንደክታንስ ይፈልጋል። የትንሽ ኦዲዮ ትራንስፎርመር አንዱን ጥቅል በሰልፍ ማስገባት ይበልጥ ያቀርበዋል። የጊታሩ ቮልዩም ግን በሁለቱም መንገድ አይመለስም። አዲስ ለሚገዛ ሰው ቲዩ-3ደብልዩ የባፈር ማለፊያ ማብሪያ ስላለው ጣጣውን ሁሉ ያስቀራል፤ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል።

ቤት የሠራችሁት ዲስቶርሽን በኦፕ አምፕ (ማጉያ ቺፕ) የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኤምኤክስአር ዲስቶርሽን ፕላስ ሰርኪዩት፣ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። መግቢያው ላይ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ስላለ ቱነሩ ከፊትም ከኋላም ቢሆን ድምፁ ብዙም አይለወጥም።

ባፈሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን መልቲሜትር አውጡና የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር ለኩ። በ9 ቮልት 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ኮሌክተሩ ላይ ያለውን 8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ20 ኪሎ ኦም ማስተካከያ ፖት ተኩና እዚያ አምጡት። ጀርመኒየም ትራንዚስተር ከሆነ ሙቀት ስለሚያንሸራትተው ትኩስ ብየዳ ላይ አትለኩ፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ቲዩ-3 ለሌሎች ፔዳሎች ኃይል የሚሰጥበት መውጫም አለው። በሲሊከን ኤንፒኤን ትራንዚስተር ለተሠራ ፈዝ ይመቻል። ፒኤንፒ ጀርመኒየም ፈዝ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት፤ የእሱ መሬት ፖዘቲቩ ስለሆነ በኬብሉ መሸፈኛ በኩል አዳፕተሩ ሾርት ይገባል። ለእሱ የራሱን 9 ቮልት ባትሪ ስጡት።