የሕግ ተማሪ ላልሆኑ የተሰናዳ የሕግ ኮርስ፦ የአንድ የቅዳሜ ሥልጠና ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ማሠልጠኛ፣ ሕግ፣ ፖለቲካና ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚጠላለፉ የሚያስተዋውቅ የስምንት ሳምንት ኮርስ ቅዳሜ ከሰዓት ይሰጣል። ኮርሱ የተሰናዳው በሌላ የትምህርት ክፍል ለሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። የሶሲዮሎጂ ተማሪዎቼ «እንመዝገብ ወይ?» ብለው ደጋግመው ስለጠየቁኝና ክፍያው ከራሳቸው ኪስ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሳላየው አዎ ከማለት ራሴ ተመዝግቤ እስከ መጨረሻው ተከታተልሁት። እንዲህ ያሉ ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ «ሕግ ማለት ምን ማለት ነው» በሚል ትርጓሜ ይጀምራሉ፤ ተማሪው ትርጓሜውን ገልብጦ፣ ለፈተና ሸምድዶ፣ ከፈተናው አዳራሽ ሲወጣ ይረሳዋል። ይህኛው የጀመረው በጠለፋ ነው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርግም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ በጸና ጋብቻ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። መምህሩ ይህን አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ይህ ለማን ይመቻል?» ሲሉ ጠየቁ። ከአባት፣ ከሽማግሌ፣ ከዳኛና ከልጅቷ ወገን ሲታይ መልሱ አንድ እንዳልሆነ ክፍሉ በራሱ ክርክር ደረሰበት። ቀጥለው ያነሡት በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙ ያነጋገረውን የአርሲውን ጉዳይ ነበር፤ ታዳጊዋ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፣ ተከሰሰች፣ አዲስ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፣ ፍርድ ቤትም ድርጊቱ ሕጋዊ መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ከዚያ ተነሥተው ማኅበሩና ሌሎች የሴቶች መብት ተሟጋቾች ያደረጉትን ግፊት፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ እንዲሁም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግን አንድ በአንድ አሳዩ። የቤተሰብ ሕጉ ቀድሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ እንደ ወንዱ 18 አደረገው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ደግሞ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ ደንግጎ፣ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ አሰፈረ።

ብዙ መምህራን እዚህ ላይ «ሕጉ ተሻሻለ» ብለው ርዕሱን ይዘጉት ነበር። እኚህ መምህር ግን ወደ 2001 ዓ.ም. አሻገሩን። በዚያ ዓመት የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ስለከለከለ፣ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ ማኅበራት አቅማቸው ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ በወረቀት ላይ የጠነከረው ሕግ ሜዳ ላይ ጠበቃ አጥቶ ቆየ። ማኅበረሰቡ ሕግ ሲያስለውጥ፣ ፖለቲካው ደግሞ የለውጡን መንገድ ሲያጠብ በአንድ ታሪክ ውስጥ ማየት ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በላይ ያስተምራል። ለኮርሱ ከፍ ያለ ነጥብ የምሰጠው በዋናነት በዚህ ክፍለ ጊዜ ምክንያት ነው።

ስለ ሽምግልና የተሰጠው ትምህርትም ከዚህ ብዙ አያንስም። መነሻው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3347 ነው። ይህ አንቀጽ በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ የቀድሞ ደንቦችና ልማዶች፣ በግልጽ ካልተፈቀዱ በቀር፣ ሁሉ እንዲሻሩ ያዛል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የተማሪዎቹ መልስ ግን ልማዱ እንዳልተሻረ መሰከረ፤ ከየአካባቢያቸው ስለ ጉራጌው የጆካ ሸንጎ፣ ስለ አፋሩ የባህል ሕግ መድአ፣ ስለ ሶማሌው የባህል ሕግ ሔር፣ በአማራ አካባቢ የገዳይንና የሟችን ቤተሰብ ስለሚያስታርቀው ደም ማድረቅ ሲናገሩ ዛሬ ስለሚሠራ ነገር ነበር የሚናገሩት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ መንገድ ከፍቷል፤ የነፍስ ግድያ ግን በዚህ አይካተትም። ታዲያ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ አስታርቀው ምስክሮች ዐቃቤ ሕግ ፊት አላየንም ሲሉ የወረዳው ዳኛ ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ ተማሪዎቹ ዳኛ፣ ሽማግሌ፣ ዐቃቤ ሕግና የሟች እኅት ሆነው ተከራከሩበት። የሟች እኅት የሆነችው የምህንድስና ተማሪ እርቁን አልቀበልም ባለች ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሁሉ የእውነተኛ ሽማግሌ ንግግር ነበር፤ ልጆቹ ይህን የሚያውቁት ከቤታቸው ነው።

የመሬቱ ክፍለ ጊዜ ግን ተጨናንቋል። ከ1957ቱ የ«መሬት ላራሹ» ሰልፍ እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ከዚያም በባልና በሚስት ስም እስከሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተጠቅጥቆ ቀረበ። ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ ይገባው ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም የተሰጠውን ትምህርት ይመለከታል። በእኛ አገር ሕገ መንግሥትን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ሲራዘም አጣሪ ጉባኤው የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን በቀጥታ እየሰማ ጉዳዩን አከራከረ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን ወሰነ፣ ትግራይ ደግሞ ውሳኔውን ሳትቀበል ጳጉሜ 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች። የኮርሱ ሦስት ቃላት ከዚህ በላይ የተጋጠሙበት የቅርብ ጊዜ ጉዳይ አላውቅም። መምህሩ ግን ቀኖቹን ጠቅሰው፣ አማራጮቹን ዘርዝረው፣ ጥያቄ ሳይቀበሉ ወደሚቀጥለው ርዕስ ተሻገሩ። ጥንቃቄያቸው ይገባኛል፤ ከየክልሉ የመጡ ወጣቶች የተቀመጡበት ክፍል ነው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውንም ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም የክልል ምክር ቤቶች የሚያስመርጧቸው አባላት ያሉበት ምክር ቤት ለምን ዳኛ ተደረገ የሚለውን ጥያቄ እንኳ የማንንም ቁስል ሳይነኩ ማወያየት ይቻል ነበር።

የንባብ ጥራዙ ፎቶ ኮፒ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ደብዝዟል። ከዚያ የሚከፋው ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አዋጁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አትሞ ያወጣል፣ የፌዴራል ሕግ ሲሆንም የሚጸናው የአማርኛው ቅጂ ነው፤ ታዲያ የአማርኛውን ዐምድ ቆርጦ ማስቀረት ምን ይባላል? በእንግሊዝኛ የቀረበውን ጽሑፍ ሲጠየቁ አንገታቸውን የሚደፉ ተማሪዎች፣ ውይይቱ ወደ አማርኛ ሲዞር ጠበቃ ይሆናሉ። በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን የሚመረምረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎችም በጥራዙ ውስጥ የሉም። ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በቅጽ እየተሰበሰቡም ስለሚታተሙ፣ እነሱን ትቶ ስለ ሕግና ማኅበረሰብ ማስተማር ጎዶሎ ነው። የችሎት ጉብኝትም የለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ችሎት ስለማይቀመጥ አዘጋጆቹን ብዙ አልወቅስም፣ ግን ተማሪዎቹ በሥራ ቀን በራሳቸው ሄደው እንዲታዘቡና ያዩትን ጽፈው እንዲያመጡ ማዘዝ ይቻላል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ የሶሲዮሎጂ፣ የጋዜጠኝነትና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ክፍያው ያዋጣል። የሥራ ቅጥር ፈተና ለማለፍ ወይም የምስክር ወረቀት ለመሰብሰብ ብቻ ለሚመዘገብ ግን አልመክርም፤ ማሠልጠኛው የሚሰጠው ወረቀት ተሳትፎን ብቻ የሚገልጽ ነው። የእኔ ተማሪዎች በሚቀጥለው ዙር ቢመዘገቡ አልከለክልም፤ የቤተሰብ ጉዳይ የሰበር ውሳኔዎች ያሉበትን አንድ ቅጽና የአዋጆቹን የአማርኛ ቅጂ ግን ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ይዘው እንዲሄዱ ነግሬያቸዋለሁ።